ከዐለቱ ባሻገር፦ የላሊበላ ከተማ ታሪክ ዳሰሳ

ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ግን ስለ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንጂ ስለ ከተማዋ አይደለም። ማን ሠራቸው? መቼ? በስንት ዓመት? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ብዙ ቀለም ፈስሷል። ከተማዋ በምን ኖረች የሚለው አራተኛው ጥያቄ ግን ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ጥያቄው ተራ አይደለም። ምጽዋና ዘይላ የኖሩት በባሕራቸው ነው። ሰቆጣም የአሞሌ ነጋዴው መተላለፊያ በመሆኗ ገበያዋ ደርቷል። ላሊበላ ግን ከባሕር ርቃ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገደል ነው፤ እርሻው ጠባብ፣ ዝናቡም የማያስተማምን ነው። መናገሻ የነበረችበት ዘመን ካበቃ ደግሞ ሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በአገራችን ንጉሥ የሰፈረባቸው ቦታዎች ንጉሡ ሲነሣ አብረው ሲጠፉ አይተናል፤ የነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ባራራ የት እንደነበረች ዛሬም ያከራክራል። ላሊበላ አልጠፋችም። ለምን?

ይህ ዳሰሳ የተጻፈውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ በኩል ለማየት ይሞክራል። አቋሙን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ዐለቶቹ ከተማዋን እንዳኖሯት ሁሉ፣ ዐለቶቹን ያቆየችው ከተማዋ ናት። ይህን ያልተረዳ ታሪክ ጎዶሎ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ጥገናም አይዘልቅም። ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንጮቹ ምን ይነግሩናል?

ላሊበላ መናገሻ የነበረችበትን የዛግዌ ነገሥታት ዘመን የምናውቀው ከጥቂት ምንጮች ለቃቅመን ነው። በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ገድለ ላሊበላ ነው፤ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን በ1892 ከፊሉን አሳትሞታል። ገድሉ የተጻፈው ንጉሥ ላሊበላ ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ንጉሡ ዘመን ከሚነግረን ይበልጥ የኋለኛው ዘመን ካህናት ንጉሣቸውን እንዴት እንዳሰቧቸው ይነግረናል። ለከተማዋ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ንጉሡን ቅዱስ ብሎ የሚዘክር፣ ገድላቸውን የሚጽፍና የሚያነብ ማኅበረሰብ እዚያው እንደነበረ ያሳያልና።

ከንጉሡ ዘመን በቀጥታ የደረሰን ሰነድ የተገኘው ከተማዋ ካለችበት ከላስታ ርቆ፣ በዛሬዋ ኤርትራ በሽመዛና፣ በሃም ደብረ ሊባኖስ ነው። የገዳሙ ወንጌለ ወርቅ ንጉሥ ላሊበላ በ1204 እና በ1225 የሰጧቸውን የመሬት ስጦታዎች መዝግቧል፤ የሹማምንቱንም ስም ይዘረዝራል። ይህ ሰነድ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ንጉሡ ከ1181 እስከ 1221 ነገሡ የሚለው የተለመደ አቆጣጠር መታረም አለበት፤ በ1225 ዙፋን ላይ ነበሩና። ሁለተኛ፣ የላስታው ቤተ መንግሥት በተራራው የታጠረ አልነበረም። እጁ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደውን መንገድ እስከሚቆጣጠሩት ገዳማት ድረስ ይዘልቅ ነበር። ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣውም፣ ተሳላሚ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውም በዚያ በኩል ነው።

የእስክንድርያ ፓትርያርኮችን ታሪክ የሚተርከው የዐረብኛ መጽሐፍም የንጉሡን ከተማ አዳፋ ይላታል። አዳፋ የሚባል ቦታ ዛሬም ከላሊበላ አጠገብ አለ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ቦታ የቀድሞ ስም ደግሞ ሮሃ ነው። በዚህ ላይ በንጉሡ ስም የግእዝ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርት አሉ። ጽሑፎቹ ንጉሡ ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ኋላ የተፈጠረ ተረት አለመሆኑን ይመሰክራሉ።

መቼ? በማን?

በዐለት ላይ የተሠራን ቤት ዕድሜ ማወቅ ከባድ ነው። በግንብ የተሠራ ቤት ንብርብሩን ይዞ ይቆያል፤ የሚፈለፈል ቤት ግን እያንዳንዱ ምዕራፍ የቀደመውን እየቆረጠ ይጥለዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚመለከቱት የቀረውን ብቻ አይደለም። የመተላለፊያዎቹን ከፍታና የተዘጉ በሮችን ያነጻጽራሉ፤ ከፍልፈሉ ወጥቶ የተከመረውን የድንጋይ ክምርም ይመረምራሉ።

በዚህ ረገድ ሁለት ጥናቶች ጎልተው ይታያሉ። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ያለቀ ሳይሆን በምዕራፎች የተከናወነ ነው ብለዋል። ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን ያልታሰቡና ከሌሎቹ ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድሙ ሊሆኑ እንደሚችሉም ይከራከራሉ። በ2010 ደግሞ ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልን፣ ማሪ ሎር ደራንና ክሌር ቦስ ቲየሴን ያካተተ የፈረንሳይ ቡድን ቦታው ተደጋግሞ እንደተፈለፈለና እንደተለወጠ በዝርዝር አሳይቷል። ሁለቱ ስለ ዘመኑ አይስማሙም፤ ላሊበላ በአንድ ጊዜ የተሠራች አለመሆኗን ግን ሁለቱም ይቀበላሉ።

ይህ መደምደሚያ የንጉሡን ክብር የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደማየው ክብሩን ያሰፋዋል። ቀድሞ የነበረውን ቤት ተቀብሎ፣ አስፍቶና አገናኝቶ አንድ ቅዱስ ከተማ ማድረግ ከባዶ ከመጀመር የማያንስ ሥራ ነው። ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይት፣ ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞች ያ ከተማ በኢየሩሳሌም አምሳል እንደታሰበ ያሳያሉ። ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 መያዛቸውን የዚህ ሐሳብ መነሻ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው፤ ስሞቹ ሁሉ በንጉሡ ዘመን የተሰጡ ስለመሆናቸው ግን ክርክሩ አልተቋጨም።

ሥራው የውጭ ሰዎች ነው የሚለው ወሬም መልስ ይፈልጋል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ ነጮች ሠሩት ሲባል እንደሰማ ጽፏል፤ በእኛ ዘመንም የመስቀል ጦረኞች ሠሩት ያለ ደራሲ ተነሥቷል። ሕንጻዎቹ ራሳቸው ሌላ ይናገራሉ። የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ገባ ወጣ ማለቱ፣ በመስኮቶቹና በበሮቹ ማዕዘን ላይ ወጣ ያለው የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ቅርጽ የአክሱም እጅ ነው። ከከተማዋ ሰሜን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ያ ጥበብ ላስታ ውስጥ እንዳልተቋረጠ ያሳያል። አካባቢው ቢልባላን፣ አሸተን ማርያምን፣ ነአኵቶ ለአብን ያህል ሥራ የያዘ ነው። ሙያው የአገሬው ነበር።

ንጉሡ ሲሄዱ

በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ዛግዌን ተክተው ነገሡ፤ የመንግሥቱ ማእከልም ወደ ደቡብ ወረደ። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን እንደ ጥልቅ መቆራረጥ ያቀርቡታል። ላስታ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ለስለስ ያለ ነው። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ውቅሩ ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ የተሣለው የይኩኖ አምላክ ምስል ነው። አዲሱ ንጉሥ የተሸነፈውን ሥርወ መንግሥት ምድር አልጣሉትም፤ በዚያው በላስታ ጥበብ፣ በዚያው በላስታ ዐለት ውስጥ ስማቸውን አኖሩ። የዛግዌን ነገሥታት ቅዱሳን ብላ የምትዘክረውም ያችው፣ አዲሶቹን ነገሥታት የባረከች ቤተ ክርስቲያን ናት። ታደሰ ታምራትና ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ሁለቱም በ1972 ባሳተሟቸው ታላላቅ መጻሕፍት ይህን ዘመን ለአገራችን የታሪክ ትምህርት መሠረት አድርገውታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ተመራማሪ ሁሉ ከእነርሱ ይነሣል።

ላስታም ዝም ያለ አገር አልሆነም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጁ ላስቶች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት አመፁ። በ1632 በወይና ደጋ ድሉ የንጉሡ ቢሆንም የፈሰሰው ደም ልባቸውን ሰበረው፤ ወዲያው የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ። የዛግዌ ዘር ነን የሚሉት የዋግ ሹሞችም ክብራቸውን ጠብቀው ቆይተው፣ ዋግሹም ጎበዜ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1871 አድዋ አጠገብ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ።

ከተማዋን ግን ያኖሯት መኳንንቱ አይደሉም። የቤተ ክርስቲያን ጉልት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ መሬት ነበራቸው፤ መሬቱ ካህኑንና ዲያቆኑን፣ ደብተራውንና የቆሎ ተማሪውን ያበላል። ካህኑ ይቀድሳል፤ ቅዳሴው ተሳላሚ ይጠራል፤ ተሳላሚው ገበያ ያቆማል። የቅዳሜ ገበያ፣ የማር ጠጅ ቤት፣ መስቀል ሠሪው፣ ሸማኔው፣ እንግዳ አሳዳሪው ሁሉ በዚህ ዙሪያ የበቀሉ ናቸው። ምጽዋ መርከብ ስትጠብቅ ላሊበላ ታኅሣሥ 29ን ትጠብቃለች። በገና ሌሊት በባዶ እግሩ ቀናት ተጉዞ የሚደርሰውን ምእመን የከተማዋ ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል፤ ያለውን ያካፍለዋል። በማግሥቱ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በማሜ ጋራ ቆመው ቤዛ ኵሉን ያሸበሽባሉ። ቀኑ የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ሆኖ ይከበራል። ሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት በምን ኖረች ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ይኸው ነው።

የመንገደኞች ላሊበላ

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የወረደው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ገለጻቸው። የሚያምነው እንዳያጣ ፈርቶ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋገጠ። በ1533 ደግሞ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የጠላትን ቤተ ክርስቲያን እየገለጸ እንኳ ከተራራው ተጠርቦ ዐምዱ ሳይቀር ከዐለቱ መውጣቱን ሳያደንቅ አላለፈም። በሃይማኖት የተራራቁት ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ድንጋዩን እንጂ በዙሪያው የሚኖረውን ሰው አያዩም።

ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለስ፣ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያናዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በወረራው ዘመን መጥተው የሕንጻዎቹን ንድፍ አውጥተዋል። በ1960ዎቹ ጌኦርግ ገርስተር ያነሣቸው ፎቶዎች ላሊበላን ለዓለም አስተዋወቁ። የሁሉም ሥራ የሚመሰገን ነው። ስለ አንድ የላስታ ቤተሰብ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ከጉልት ወደ ቱሪዝም

ሃያኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋን መተዳደሪያ ከሥሩ ለወጠው። በ1950ዎቹ የተካሄደ ጥገና ጣሪያና ግድግዳውን ሬንጅና ቀለም ቀብቶት ነበር። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ያንን ልጦ አነሣ፤ ሥራውን የደገፈው ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው ድርጅት ነው። በ1978 ላሊበላ ከስሜን ተራሮች ጋር በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባች።

በመካከሉ በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ያ የዘመናት ፍትሕ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን አዋጁ የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ስለወሰደ፣ ካህኑንና አገልግሎቱን ሲያኖር የነበረው ገቢ ተቋረጠ። ክፍተቱን ቀስ በቀስ የሞላው ከውጭ ጎብኚ የሚሰበሰበው የመግቢያ ክፍያ ነው። የላሊበላን የቅርብ ዘመን ለመረዳት ከዚህ ለውጥ የሚበልጥ ቁልፍ ያለ አይመስለኝም። በገበሬው እህል የኖረች ከተማ በአውሮፕላን በሚመጣ እንግዳ የምትኖር ሆነች። አውሮፕላን ማረፊያው ተሻሻለ፣ ሆቴሎች ተሠሩ፤ አስጎብኚነት የወጣቱ ሙያ ሆነ። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ 8,484 የነበረው ነዋሪ በ2007 ወደ 17,367 አደገ። በዐሥራ ሦስት ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

አዲሱ ገቢ አዲስ አደጋም አመጣ። ሰባት ኪሎ የሚመዝነው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ፤ ከውጭ አገር ገዢ እጅ ተገኝቶ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ከተማዋ አለቀሰች። ለነዋሪው ያ መስቀል የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ሕሙም የሚዳሰስበት፣ ምእመን የሚባረክበት ነው።

ጥገናውና ነዋሪው

ዐለቱ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣና ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ ጣሪያዎች ተተከሉ። ታስበው የነበሩት ለጊዜው ነው። ዓመታት አለፉ፤ ምሰሶዎቹ የቆሙት በዚያው በሚጠብቁት ዐለት ላይ ሆኖ፣ በ2018 ነዋሪው ይወድቁብናል፣ ይነሡልን ብሎ አደባባይ ወጣ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የጋራ ሥራ ተጀመረ። በዓለም ሐውልቶች ፈንድ በኩል በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጎልጎታ ሚካኤል የተደረገው ጥገና ደግሞ ያለ ጣሪያ፣ ስንጥቁን በተስማሚ ሙሌት ዘግቶ ዐለቱን ማከም እንደሚቻል አሳይቷል፤ የአካባቢው ወጣቶችም በሥራው ሠልጥነዋል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የመኖሪያ ቤቱ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ላስታ የሚታወቅባቸው ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ የሣር ክዳን የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ግን በዙሪያው የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ቁራቁርን ወደመሰሉ አዳዲስ ሰፈሮች ሄዱ። ፍሳሽና የቤት ጥግግት ዐለቱን ይጎዳ ስለነበር ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ቃጭል ሲሰማ በእግሩ ቅዳሴ ይደርስ የነበረ ሽማግሌ አሁን ዳገት መውጣት አለበት፤ ለገና እንግዳ ደጁን ይከፍት የነበረው ቤት የለም።

ይህ የላሊበላ ብቻ አይደለም። በዮርዳኖስ አገር ፔትራ በ1980ዎቹ በዋሻዎቹ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት በደዊኖች ወደ ኡም ሰይሁን መንደር ተዛውረዋል። ቦታው ለጎብኚ ተመቸ፤ ከቦታው ጋር የነበረው የኑሮ ትስስር ግን ላላ። ከዚህ መማር አለብን። ፔትራ ውስጥ የሚያመልክ አልነበረም፤ ላሊበላ ውስጥ ግን በየዕለቱ ይቀደሳል። እዚህ ትስስሩ ከላላ የሚጎዳው ባህል ብቻ ሳይሆን ቅርሱ ራሱ ነው።

ጦርነቱ ያጋለጠው

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚውን መንገድ ዘጋ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መብራት ለወራት ጠፋ፤ ባንክ፣ ስልክ፣ ሕክምና ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ከተማዋን ዳግም አናጋት። የሆቴል አስተናጋጁ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ሠሪው ገቢ አጡ።

በዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ቅዳሴው አልታጎለም፤ ካህናቱ ቤታቸውን ትተው አልሄዱም። በሰላሙ ጊዜ ሪፖርት ላይ እንደ ጫና የተቆጠረው ነዋሪ፣ በክፉው ቀን የቅርሱ ብቸኛ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

ወደፊት

ከተዳሰሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይወጣል። የታሪክ ምርምሩ ከፍልፈሉ ዘመን ክርክር ወጥቶ ወደ ከተማዋ መዞር አለበት። የጉልት መዛግብት፣ በየደብሩ ያሉ የብራና ማስታወሻዎች፣ የገበያው፣ የሸማኔውና የእንግዳ አሳዳሪው ታሪክ ይሰብሰብ። የላስታ ሽማግሌዎችና የደብሩ ሊቃውንት የሚያውቁት ሳያልፉ በፊት ይቀረጽ፤ ሥራውም በዋናነት በወልድያ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የጥገና ውሳኔ ሲወሰን ካህኑና ነዋሪው ከመጨረሻ የሚሰሙ ሳይሆኑ ከመጀመሪያ የሚቀመጡ ይሁኑ። ጣሪያው ያስተማረን ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ ከተማዋ በአንድ ገቢ ብቻ እንዳትንጠለጠል ማሰብ ግድ ነው። ላሊበላ ሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት የኖረችው እህሉ፣ ገበያው፣ ትምህርቱና ስለቱ ተደጋግፈው ነው። በውጭ ጎብኚ ላይ ብቻ የቆመው ኑሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲፈርስ አይተናል። የእርሻና የመስኖ ድጋፍ፣ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ለአገር ውስጥ ተሳላሚ የሚሆን ማረፊያና ንጹሕ ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ የቅርስ ጥበቃ ሥራዎች ናቸው፤ በዚያ በጀት ውስጥም መግባት አለባቸው። ላስታ ውስጥ መኖር የቻለ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ይጠብቃል። ኑሮው የተነቀለበትን ሰው ግን የትኛውም ጣሪያ ሊተካው አይችልም።